የእማሆይ ጃንጥላ

የመመረቂያ ጽሑፌ በራዳር ስለማትታይ ሰው አልባ አውሮፕላን ነበር። ጅራት ሳይኖራት በምን እንደምትዞር ግን ስንት መጽሐፍ አንብቤም አልገባኝም፤ በማግስቱ ደግሞ መምህራን ፊት ቀርቤ ማስረዳት ነበረብኝ።

ፍኖተ ሰላም ላይ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስሄድ በስተቀኜ የተቀመጡ እማሆይ ለፀሐዩ ብለው ጃንጥላቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። ነፋሱ ጃንጥላውን ሲይዘው ባጃጇ ወደ ቀኝ ተሳበች።

«ኧረ እማሆይ፣ ይሰብስቡት! ቦይ ልንገባ ነው!» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ።

ለካ አውሮፕላኗም እንዲሁ ናት! የአንዱ ክንፍ ጫፍ ሲከፈት ነፋሱ ያንን ጎን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ እሷም ወደዚያው ትዞራለች።

ዓይናፋርነቴን ረስቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «እማሆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፈተናውን አሳለፉኝ!»

«ልጄ፣» አሉኝ ግራ ገብቷቸው፣ «ገና መች ጸለይሁልሽ?»