ሃርድ ዲስኩ እሷ ጋ ሲሄድ ይሠራል

ባለቤቴ ሌላ ሴት ሲያደንቅ የሰማሁት አንዴ ነው፤ ያደነቀውም መልኳን አይደለም። መልኳን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እግሩን እየታጠበ፣ እንደ ዋዛ፣ "የዚያች ልጅ ሥራ እንዴት ንጹሕ መሰለሽ" አለኝ። ገመዱ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ዕቃው ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ጣት ቢያሳርፉ አቧራ አይነካም አለ። ፎጣውን ሰጠሁትና ወደ ውስጥ ገባሁ። እራቱንም አቀረብሁለት፤ በደንብ አድርጌ። ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እኛ የሰርግ ቪዲዮ እንሠራለን። እሱ ያነሣል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አለብሳለሁ። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያ ስለሆነ ወጡን ጥጄ ወደ ሙሽራዋ፣ ሙሽራዋን ትቼ ወደ ወጡ ስመላለስ ነው የሚመሽልኝ። ኮምፒውተር ተቀምጬ አልተማርሁም። ደንበኛ ፍላሹን በሰካ ቁጥር ቫይረስ እየገባ ሥራዬን ሁሉ ሲደብቅብኝ፣ አንድ ተከራያችን የነበረ ተማሪ ሊኑክስ የሚባለውን ጭኖልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እያቃናሁ ራሴ ነኝ የለመድሁት። ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ ስጽፍባት ያየ ሰው አስማት የምደግም ይመስለዋል። እኔም አይደለም አልልም ነበር። ፋይል የጠፋበት፣ ሃርድ ዲስኩ አልከፍት ያለው፣ ከደምበጫ ድረስ እኔን ብሎ ይመጣ ነበር።

ይመጣ ነበር ነው የምላችሁ። እሷ እስክትመጣ።

ባሏ በሥራ ዝውውር ወደ ከተማችን ሲመጣ ተከትላው መጥታ፣ ከመናኸሪያው በታች ባለው መንገድ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። በሩ ላይ "የጠፋ ፋይል እንመልሳለን" የሚል ተጽፏል። ባለቤቴ ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ ነው ያን ንጽሕና አይቶ የመጣው።

በማግስቱ ኪሮሽና ነጭ ክር ገዛሁ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ዳንቴል አለበስሁት። ማተሚያውን አለበስሁት። ከዚያ ወደ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ዞርሁ። ይህ ሃርድ ዲስክ የቤታችን ጎተራ ነው፤ ባለ ስምንት ቴራ፣ መጽሐፍ የሚያህል፣ መብራት ለብቻው የሚሰካለት፣ የዓመቱ ሰርግ ሁሉ የሚገባበት። መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር የዚያ በጋ አቧራ ሌላ ነበር፤ ዳንቴል ብቻውን አቧራ እንደማያስቆም ደግሞ አውቃለሁ። ስለዚህ ከአሮጌ ጋቢ ቆርጬ ገበር አደረግሁለትና ከላይ የሚጠለቅ፣ ከታች ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ልብስ ሠራሁለት። እንደ ሙሽራ ሆነ። ባለቤቴ ገብቶ አየውና "ክርስትና ልታስነሽው ነው?" አለኝ። ንጹሕ ነው ግን አላለም።

እንግዲህ የዚያን ዓመት ጥር አንድ ሰርግ አንሥተን ነበር፤ ወደ ደምበጫ መውጫ ካለች ቀበሌ። የሙሽራዋ አያት ሽማግሌ ናቸው፤ ተነሥተው ሲመርቁ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ባለቤቴ ካሜራውን ከፊታቸው ሳያነሣ ቆመ። ቪዲዮውን ገና ሳልነካው ሽማግሌው ታመው ዐረፉ። ለሰርጉም ለቀብሩም ያልደረሰ፣ ሩቅ አገር የሚሠራ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ለአርባቸው እንደሚመጣ ተሰማ። እናቱ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ራሳቸው እኛ ቤት መጡ። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡትም።

"ልጄ ያባቱን ድምፅ ይስማ" አሉኝ። "ሙሽራዋም ይቅር፣ ጭፈራውም ይቅር። ምርቃቱን ብቻ ስጭኝ።"

ይህ ቀላል ነው ብዬ ሸኘኋቸው። የሰርጉ ቪዲዮ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ። ሌላ ቦታ ግን የለም፤ የካሜራው ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ ተደምስሷል።

ምርቃቱ ያለበት ፋይል ከባድ ነው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ የተቀዳው አንድ ላይ ነው ያለው። ወደ ኮምፒውተሩ ይገልበጥ ብዬ አዘዝሁት፣ ልብሱን አጠለቅሁለትና ወደ ማድቤት ገባሁ። ተመልሼ ስመጣ ሃርድ ዲስኩ የለም። ጠረጴዛው ላይ አለ፣ መብራቱም በርቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አላውቀውም ይላል። መሃል ላይ የተቆረጠው ፋይል ቢከፈት እምቢ አለ። በጥቁሯ መስኮት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፈውን የውሎ ማስታወሻ አየሁ፤ ግንኙነቱ ተቋረጠ፣ እንደገና ሞከርሁ፣ ተቋረጠ ይላል።

ልብሱን አውልቄ ገመዱን ቀየርሁ። በትንንሽ ፎቶዎች ሞከርሁት፤ ሠራ። ደስ ብሎኝ ትልቁን ፋይል አዘዝሁ፣ አለበስሁት፣ ሄድሁ። ስመለስ የለም። ከፊት ያለውን መሰኪያ ትቼ ከኋላ ሰካሁት። ሠራ። አለበስሁት። ጠፋ። ሊኑክስ ከእንደዚህ ዓይነት ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ጋር በዩኤስቢ የሚነጋገርበት ሁለት መንገድ እንዳለው ከዚህ ቀደም ዐውቄ ነበር። አንዱ አዲስና ፈጣን ነው፣ ሌላው አሮጌ፣ ዘገምተኛ፣ ግን ትዕግሥተኛ። ፈጣኑን እችላለሁ ብለው የሚዋሹ የሃርድ ዲስክ ሳጥኖች አሉ፤ ሥራ ሲበዛባቸው ዝም ይላሉ። እንግዲህ ውሸታም ነህ ማለት ነው ብዬ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ይህን ሃርድ ዲስክ በአሮጌው መንገድ ብቻ አናግረው የሚል ትእዛዝ አስገባሁ። ፎቶዎቹ አሁንም እንደ ውኃ ወረዱ። "በቃ አገኘሁህ" አልሁት። ልብሱን አጠለቅሁለት።

ጠፋ።

አርባው እየቀረበ ነው። ባለቤቴ ደጋግሞ አየኝ። በማግስቱ ሰንበቴ ውዬ ስመለስ ሃርድ ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ የለም። ልብሱ ብቻውን ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ዳንቴል የለበሰ ዕቃ ይዞ መንገድ ለመንገድ መሄድ አፍሮ አውልቆት ነው። የት እንደወሰደው ሳይነገረኝ ገባኝ። ሴት ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ሲሄድ ልቧ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ባዶ ልብስ አጥፌ መልሼ አስቀመጥሁት።

ሲመጣ ፊቱ በርቷል።

"እሷ ጋ ምንም አላለም" አለኝ።

"ምን ማለት ነው ምንም አላለም?"

"ከጠዋት ጀምሮ ፋይሎቹን ሳትከፍት እያስነበበችው ነው። አንዴም አልጠፋም።"

"እኔ ነኝ የማጠፋው ማለት ነዋ።"

"እንደሱ ወጣኝ?"

"ዓይንህ ብሎታል።"

ለካ ሃርድ ዲስክም ሰው ይመርጣል አልሁ በሆዴ። እኔ የማጠራቅምበት፣ እኔ የምወለውለው፣ እኔ ልብስ የሠራሁለት፣ እሷ ጋ ሲሄድ እሺ ይላል። ታዲያ ገልብጣ ለምን አልሰጠችህም ስለው፣ በሰው ሰርግ ውስጥ ያለ ፈቃድ አልገባም፣ የትኛው ፋይል እንደሆነም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ይምጡና ያሳዩኝ ብላለች አለኝ። አያችሁ፤ ጨዋም ናት። አንድ እንከን እንኳ አታስቀርልኝም።

በአዘቦት የማልለብሰውን ጥሩ ቀሚሴን ለበስሁ። ባጃጅ ይዤ ወረድሁ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ገመዱ ተጠቅልሏል፣ ጠረጴዛው ጠረጴዛ ይባላል እንጂ መስተዋት ነው። መብራት ቢሄድ የሚይዝ ባትሪ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጣለች። እኔ ለዚያ ባትሪ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ልጅቱ ከእኔ ታንሳለች፤ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝና "እርስዎ ነዎት እንዴ፤ ጋሼ ስለእርስዎ ሲያወሩ ነበር" አለችኝ። ስለእኔ ምን እንዳወራ መጠየቅ ፈለግሁ። አልጠየቅሁም።

የእሷም ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው። ይኼም ሳይቀር። ምን ምን እንደሞከርሁ ስትጠይቀኝ ነገርኋት፤ ገመዱን፣ መሰኪያውን፣ አሮጌውን መንገድ። አሮጌው መንገድ ላይ ስደርስ "እሱንም ሞከሩት?" ብላ ቀና አለች። ያቺን ቀና ማለት ወደድኋት፤ መውደዴን ግን አላሳየሁም። እሷም ጠዋቱን ሙሉ ሕመሙን ስትፈልግ እንደዋለችና እንዳጣችው ነገረችኝ። ከዚያ ወንበሯን ለቅቃ፣ ቤትዎ እንደሚያደርጉት አድርገው ያስጀምሩት አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ፋይሉን አሳየኋት፣ እንዲገለበጥ አዘዝሁ፣ መጀመሩን አየሁ። ከዚያ ቀኝ እጄ ራሷ፣ እኔ ሳላዝዛት፣ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ሄደች። እዚያ ምንም የለም። እጄ ባዶውን ጠረጴዛ እየዳበሰች ቆመች።

"ምን ፈለጉ?" አለችኝ።

"ልብሱን።"

"የምን ልብስ?"

ያን ጊዜ ነው ሃርድ ዲስኩን ያየሁት። ራቁቱን ተቀምጦ፣ በጎንና በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች ተከፍተው፣ ከውስጡ ሙቅ ትንፋሽ ይወጣል። እጄን አስጠጋሁ። እንዲህ ሆኖ እንኳ ይሞቃል። ጋቢውን አሰብሁት።

"ዳንቴል ሠርቼለት ነበር" አልኋት። "የጋቢ ገበር ያለው።"

ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቢያንስ ብትስቅብኝ እጠላት ነበር። አልሳቀችም። ሃርድ ዲስኩን ነካች፣ እጇን አነሣች፣ እናቷ ቴሌቪዥኑን በጥልፍ ሸፍና እየከፈተች፣ አባቷ በየጊዜው ሲያስጠግነው እንደኖረ ነገረችኝ። "ፎቶዎቹ ሲገለበጡ ለምን ይሠራ እንደነበር አሁን ገባኝ" አለች። "ሳይሞቅ ያልቁ ነበር።" እኔም የገባኝ በዚያው ቅጽበት ነው፤ ቀድማ ተናገረችው እንጂ። እንደዚያ ቶሎ ባትናገረው ምን ነበረበት?

ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የእኔ ሥራ እዚያ አልቆ ነበር፤ ደረሰ ስትለኝ ተመልሼ መምጣት እችል ነበር። አልተነሣሁም። ሃርድ ዲስኩን ትቼላት ልሄድ አልቻልሁም፤ ባለቤቴ መጥቶ እሷን ብቻዋን እንዲያገኛትም አልፈለግሁም። መስመሩ በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። መሃል ላይ መብራቱ ድንገት ጭልም ሲል ሁለታችንም ጠረጴዛውን ያዝን፤ ባትሪዋ ጩኸቷን አሰማችና ያዘችው፣ መስመሩም ሳይቆም ቀጠለ። ባትሪው ባይኖርስ አልሁ። ደግሞ ይኼን በማሰቤ ተናደድሁ።

ሲያልቅ ከፈትነው። ጭፈራውን አሳለፍሁትና ሽማግሌው ብድግ ሲሉ አቆምሁ። ድምፃቸው ንጹሕ ነው። ዘራችሁ ይባረክ፣ የሄደው ይመለስ፣ በሩቅ ያለው ልጄ ዕድሜ ይስጠው፣ ደጁ አይዘጋ እያሉ ይቀጥላሉ፤ ድንኳኑ አሜን ይላል። ጎኔ ያለችው ልጅም ከድንኳኑ ጋር ቀስ ብላ "አሜን" አለች፤ የማታውቃቸው ናቸው። እኔ ስንት ሰርግ ስቆርጥና ስቀጥል ለስክሪን አሜን ብዬ አላውቅም።

የአርባው ቀን ተዝካሩ ላይ ቴሌቪዥኑን ድንኳኑ ውስጥ አቆምን። ልጁ ከፊት ተቀመጠ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሽበት ጀምሮታል። አባቱ "በሩቅ ያለው ልጄ" ሲሉ ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ ያዘው። ምርቃቱ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ "አንዴ ድገሙልኝ" አለ። ባለቤቴ ደገመለት።

ኋላ እናቱ እኛ የተቀመጥንበት መጡና እጄን ያዙ። ጠፍቶ ነበር አሉ፤ ማን ነው ያገኘው ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ዞር ሲል፣ አፉ ሊከፈት ሲል አየሁት። ከሱ አፍ ከምሰማው ከእኔ ይውጣ ብዬ ቀደምሁት።

"ከመናኸሪያው በታች አንዲት ልጅ አለች" አልሁ። "እጇ የተባረከ ነው። እሷ ቤት ነው የተገኘው።"

"ምነው ታዲያ ጠርተሻት ቢሆን" አሉኝ፣ እውነት ቅር ብሏቸው። ወደ ማድቤቱ ሄዱና ድፎ ዳቦውን በሰፊው አስቆርጠው፣ በሰፌድ ላይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ለልጅቱ አድርሱልኝ አሉ።

ስንወጣ ባለቤቴ እጁን ዘረጋ። "አምጭው፣ በዚያው ሳልፍ እኔ አደርስላታለሁ" አለ።

አልሰጠሁትም። ሰፌዱን አቅፌ ባጃጁ ውስጥ ገባሁና ለሹፌሩ መናኸሪያ አልሁት።