በሁዳዴ የጠጣሁት ውኃ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው የቆምኩት። እኔ ጮክ ብሎ ማውራት አይሆንልኝም፤ እንደሆነው እነግራችኋለሁ። ስሙ ይባረክ።

ያደግኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። እኔም ሩዝ አርሜ፣ ላም አልቤ፣ ጾም ሳልሽር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጸሎቴ ሁልጊዜ «ይኸን ያህል ጾሜልሃለሁና» ብሎ ነበር የሚጀምረው። የማኅፀን በር ካንሰር ሲገኝብኝ፣ ሐኪሞቹ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ላኩኝ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እንድድን ብዬ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ላልቀምስ ተሳልኩ።

ተራዬ ደርሶ የጨረሩ ማሽን ላይ ስተኛ፣ ባለሙያዋ በምስል አይታ መለሰችኝ። ፊኛሽ ባዶ ነው፣ ውኃ ጠጥተሽ ነይ አለችኝ። ፊኛ ሲሞላ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ያደርገዋል፤ ባዶ ሲሆን ግን ጤነኛው አንጀት ወርዶ ይቃጠላል አለች። የርብ ወንዝ ሲሞላ ገለባውን ወደ ዳር እንደሚገፋው ማለት ነው፤ ገባኝ። ግን ስለቴን እንዴት ላፍርስ? ብጠጣ እግዜር ይተወኛል፤ ባልጠጣ ሕክምናው ይቀርብኛል። ፈራሁ።

ታካሚዎች በምናርፍበት ቤት ብርቱካን የምትባል የአንበሳሜ ሴት አብራኝ ትታከም ነበር። እንደ እናንተው በጌታ ናት። ሳለቅስ አገኘችኝ። «እቴ፣ ክርስቶስ የሞተልሽ ስለጾምሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ተናደድኩባት። ይደግፉኛል ብዬ አባቴ ጋ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰምተው፣

«ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ስለቱን ፈትቸልሻለሁ፤ ጠጪ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠጥቼ ገባሁ። ሽንቴ ወጥሮኛል፣ አትንቀሳቀሺ ተብያለሁ። ልጸልይ ስል «ጾሜልሃለሁና» የምለው የለኝም። ያለኝ የሞላ ፊኛ ብቻ ነው። «ኢየሱስ ሆይ፣ ምንም አልያዝኩም፤ እንዲሁ ተቀበለኝ» አልኩ። ተቀበለኝ፣ ወገኖቼ። ሃሌሉያ። ማታውን ከብርቱካን ጋር ተንበርክኬ ሕይወቴን ሰጠሁት።

ሕክምናው አለቀ። ሐኪሙ ካንሰሩ አሁን አይታይም፣ አንጀትሽም ደህና ነው፣ ክትትሉን ግን እንዳታቋርጪ ብለውኛል። አላቋርጥም። ጌታ ይመስገን።

አባቴ ወደዚህ አዳራሽ መምጣቴን ሲሰሙ አዘኑ፤ ማናገርም ተዉ። ይኸ ከበሽታው ይልቅ ጎዳኝ። ዛሬ ለክትትል መንገድ ልወጣ ነው። ጠዋት ሳላስበው ከቁሐር እዚህ ወረታ ድረስ መጡ። ወደ አዳራሹ ይግቡ ብላቸው፣ «አልገባም። ግን ብቻሽን አትሄጅም» አሉኝ።

እናንተ ምን ይዤ ልቅረብ ብላችሁ የምትጨነቁ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ፤ እመኑት፣ አይመልሳችሁም። እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ልውጣ፤ አባቴ ሻንጣዬን ተሸክመው ደጅ ቆመዋል።