ሩቅ ይሁን ደካማ

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ሸዋ ሮቢት ስማር የክፍሉ ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን ስለ ኳዛር አወሩን። ኮከብ ይመስላል፣ ኮከብ ግን አይደለም፤ ብርሃኑ እጅግ ከሩቅ የሚመጣ ነው አሉ። እጄን አወጣሁ።

«ደብዝዞ የታየ ነገር ሩቅ ይሁን ወይስ ቅርብ ሆኖ ደካማ፣ በምን ይለያል?»

«እትዬ ደግሞ ፋኖስ መሰላት!» አለ አንዱ ከኋላዬ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህሩ አልሳቁም። «በድምቀቱ አይለይም። በመቅላቱም ብቻ አይለይም፤ አቧራም ያቀላል። ብርሃኑን በየቀለሙ ዘርግተን በውስጡ ያሉትን መስመሮች እንፈልጋለን። ከቦታቸው ወደ ቀይ አብዝተው ከተገፉ ነገሩ ሩቅ ነው» አሉኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ኳዛሩ በራሱ ብርቱ በሆነ ቁጥር አንዳንዶቹ መስመሮች ከቀረው ብርሃን አንጻር እየሳሱ እንደሚሄዱ አነበብሁ። ብርታትን ከርቀት ለመለየት የሚረዳ ምልክት መኖሩ ገረመኝ።

የጠየቅሁት ስለ እኅቴ ነበር።

የአገሬ የቀወት ሰው የመኪና መብራት የሚያነበው በቀለሙ ነው። ከአጣዬ በኩል ሲመጣ ከቀላ ሩቅ፣ ከነጣ ቅርብ። በሽተኛ መንገድ ዳር ካደረ ንፋስ ይመታዋል ስለሚባል፣ ቃሬዛው ከቤት የሚወጣው መብራቱ ሲነጣ ነው። ትምህርት ከመጀመሬ በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ እኅቴን ወባ ጣላት። ራሷን ስታለች፤ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ካልደረሰች አትተርፍም ነበር።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ደጅ ቆመው የሚመጣ መብራት አዩ።

«ቀይ ነው። ገና የጀውሃን ወንዝ አልተሻገረም።»

«ጋሼ፣ አንቱ እኮ ጎማው ሳይቀር ይታይዎታል!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። ሳቅን። እኔም የእኅቴን ከንፈር በውኃ ማራሴን ቀጠልሁ።

ንፋሱ ወደ ማዶ ይነፍስ ስለነበር ሞተሩን የሰማነው ከደጃችን በታች ሲደርስ ነው። አንድ መብራቱ የጠፋ፣ ሌላው በጭቃ የተለሰነ የጭነት መኪና ነበር። ቃሬዛውን ይዘን እየጮኽን ስንወርድ ጥሎን ሄደ።

ሌላ መኪና እንጠብቅ ያለ የለም። በትከሻ እየተቀባበልን ወደ ሸዋ ሮቢት አቀናን። መንገድ ላይ የእኅቴ ማቃሰት ቆመ። ተሸካሚዎቹ ልብ ብለዋል፤ እርምጃቸውን ግን አላዘገዩም።

ከኋላችን ሌላ መኪና ደርሶ ሳንለምነው ቆመ።

«በሽተኛ ነው?» አለ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ነበረች» አሉ አጎቴ።