«ሞረድ አያያዝ ማን አስተማረሽ?»

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የቤቴ ደወል ጮኸ... የልጄ የሊያ እጮኛ እናት መጡ! እትዬ አስካለ። ከዋይት ሲቲ ድረስ ለንደንን አቋርጠው፣ ባቡር ቀያይረው፣ ሆሎዌይ እኔ ቤት። በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌ ሊልኩ ነው፤ ከዚያ በፊት ሴት ለሴት እንተዋወቅ ብለው ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ገና ኮሪደሩን ሳያልፉ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ ሁለት ረጃጅም ነገሮች አደናቀፏቸው።

«ምንድነው ይሄ ጣውላ?»

«የልጅዎ የናሆም ስኪ ነዋ! በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት። ልሳልለት ብዬ ነው።»

መቼም ስለ ሥራዬ ከጠየቁኝ ማቆሚያ የለኝም... ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የሰው ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ፣ አሁን አራት ዓመት ሆነኝ ሃክኒ አንድ የስኪ መጠገኛ ቤት ነኝ። የገባሁት ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን ሰው ጎደለባቸውና «እስቲ ይህን ያዢ» አሉኝ፣ ያዝኩ... በቃ! ዛሬ ደንበኛው «እሷ ትሥራልኝ» እያለ ነው የሚመጣው።

ምግብ አቀረብኩላቸው። ገና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርሱ አንዱን ስኪ አምጥቼ ጭኔ ላይ አጋደምኩት።

«አዩ እትዬ? ዳርና ዳሩ ላይ ይህች ቀጭን ብረት አለች። በረዶውን የምትነክሰው እሷ ናት፤ ከደነዘዘች ሰውየውን እንደ ሳሙና ነው የሚያዳልጠው። ሥራ ቦታ ሞርሳ ላይ እናስረውና ሞረዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ... ሳይጫኑ፣ ሳይመልሱ! ከዚያ ጥፍሬን እንዲህ ሳሳልፍባት ስስ ብናኝ ከላጠችልኝ ተስላለች ማለት ነው። ሆዱን ደግሞ ሰም በካውያ አቅልጬ አጠጣዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ፍቄ በብሩሽ...»

«ወይ ጉድ! ሴት ልጅ እንዲህ ያለ እጅ!» አሉ እየሳቁ። «ሞረድ አያያዝ ማን አስተማረሽ?»

«ሰሙን እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ። ሞረዱን ግን አባቴ! ማጭድ ሲሞርድ አጠገቡ ነው ያደግሁት።»

«ገበሬ ነበሩ?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብል ምን ነበረበት? ደስታ ግን አፍ ያስከፍታል...

«አይ፣ የሚሠራው እሱ ነበር እንጂ! ማረሻውንም፣ ማጭዱንም። ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ።»

«ቀጥቃጭ...» አሉ ቀስ ብለው። ለእኔም አይደለም፣ ለራሳቸው።

ከዚያ ሶፍት መዘዙ። አፋቸውን ሊጠርጉ መስሎኝ ነበር። ዘረጉና ሳህናቸውን ሸፈኑት። ከእኔ ዓይን! ሠላሳ ዓመት ለንደን የኖሩ ሴት... እኔ ስኪውን እንዳቀፍኩ፣ ሶፍቱ ወጡን እየመጠጠ ሲቀላ አያለሁ።

«ጠግቤያለሁ» ብለው ተነሱ።

በማግስቱ እሑድ ስልክ ጠበቅሁ። ሰኞም ጠበቅሁ። እጄ ሥራ መፍታት አይወድምና የናሆምን ስኪ ጨረስኩት። ደንዝዞ ይቅር ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን አልሆነልኝም... ከሠራሁት ሁሉ አሳምሬ ነው የሳልኩት።

ረቡዕ ናሆም መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነው ያወራኝ።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር እንደማላምን ያውቃሉ፣ ማዘር። ግን እማዬ በጣም አፕሴት ሆናለች። ቡዳ ምናምን እያለች... የእሑዱን ትንሽ ፖስትፖን እናድርገው።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትረጋጋ።»

ይህን እያለኝ ዓይኑ ስኪው ላይ ነው! ዓርብ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በረዶ ላይ ሊንሸራተት ነዋ። አነሳና ጥፍሩን አሳለፈበት።

«ዋው... ፐርፌክት! እጅዎ ይባረክ።»

እጄ ይባረክ! ዘሬ ነው እንጂ ያልተባረከው፣ እጄስ ምን አለው...

ሊያ ለካ የክፍሏ በር ሥር ሆና ትሰማለች። ወጣች፤ ቀለበቱን ከጣቷ አወለቀችና የስኪው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችለት።

«መልካም መንገድ» አለችው። አልጮኸችም። እሱም ስኪውን ተሸክሞ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። አልመጣችም።

«አያቴ ነጋዴ ነበር ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ሊዬ...»

«ስንቴ ጠየቅሁሽ፣ እማ? አንድ ፎቶውን እንኳን አላሳየሽኝም። ከናሆም እናት አፍ መስማት ነበረብኝ?»



ናሆምስ እናቱን ፈርቶ ነው። እኔ ግን እዚህ ለንደን ተቀምጬ ማንን ፈርቼ ነው?