አውሬው እንዳይመጣ ያስደረግሁት ዱዓ

የእህቴ ልጅ ሰልሰቢል ከመካነ ሰላም ስትወጣ ዋና አታውቅም ነበር። ከየት ታውቃለች? እኛ አገር ትልቅ ውኃ ማለት ዓባይ ነው፤ እሱም ታች ገደሉ ውስጥ፣ ከነአዞው። እናቷ ስትሞትባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ምንጭ ስንወርድ እንኳ ቀሚሷን ጨብጬ ነበር የምይዛት።

ጅቡቲ ሄዳ መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች። ኋላ የባሕር እንስሳ የሚያጠኑ ሰዎች ጀልባ ላይ ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። መዋኘቱንም መጥለቁንም ያስተማሯት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ በስልክ ምን ትለኛለች፤

«እቴቴ፣ ከሻርክ ጋር እየዋኘሁ ነው። ቆዳው ላይ ያለውን ነጠብጣብ ፎቶ አንስተን አንዱን ካንዱ እንለያለን። መንገዱ ከታወቀ መርከብ እንዳይገጨው ይጠበቃል።»

«ሻርክ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው። ደሴ የሚሄደውን አውቶቡስ ያህላል።»

«አፉስ?»

«በር ያህላል።» ያ ነው ያስፈራኝ።

«ግን ይህኛው ዓይነት ሰው አይበላም፣ ወላሂ» አለች ቶሎ ብላ።

«ይከፍሉሻል ታዲያ?»

«ለወጡ ይከፍሉኛል። መጥለቁ በፈቃዴ ነው፤ በነጻ።»

አጃኢብ! ለሽሮው ደመወዝ፣ ለአውሬው በነጻ!

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ሸህ ሀቢቡላህ ዘንድ ሄጄ ዱዓ አስደረግሁ። ጎረቤቴ ይርገዱ ክርስቲያን ናት፤ እሷም አብራኝ መጣች። «ያ አውሬ ልጅቱ ካለችበት አይድረስ!» አሉ ሸሁ። አሚን፣ አሚን አልን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰልሰቢል ደወለች።

«እቴቴ፣ ጉድ ሆነናል። አንድ ሻርክ እንኳ ብቅ አላለም። እስከ ጁምዓ ካልመጣ ጥናቱ ይዘጋል፤ እኔም መመለሴ ነው።» ድምጿ ሰለለ። «እዚያ ውኃ ውስጥ እኮ ማንም አያዘኝም ነበር።»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዝም ብል ልጄ ትመጣልኛለች። ግን ያ የመጨረሻው ቃሏ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሐሙስ ዕለት ሸሁ ዘንድ ተመለስሁ።

«ዱዓው ይቀየርልኝ።»

«ምን ተብሎ?»

«ይምጣ። ብቻ… አፉን ገጥሞ ይምጣ።»

ሸሁ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም አሚን አልሁ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አጠገቤ ለተቀመጠችው ለይርገዱ ገፋሁላት። እሷ አነሣችው።

«መጥቷል ትላለች!»

«እሷስ? እሷስ ደኅና ናት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እሷ ናት እኮ የምታወራው!»