ለማዳም ውሻ ዋስ ስፈልግ

ቁጭ ብዬ መቆየት አልችልም። አሁን ጉልበቴ ከደከመ በኋላ እንኳ የተቀዳልኝን ሻይ ሳልጨርስ እነሳና የግቢውን በር አይቼ እመለሳለሁ። ልጆቼ "አባባ፣ ደግሞ ምን ረሳህ?" ይሉኛል። ምንም አልረሳሁም። ይሄ አመል የያዘኝ በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ጠቦት በሚያክል አንድ ነጭ ውሻ የተነሳ።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የፈረንጅ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ሰውየው ሁለት ትልልቅ ውሾች ነበሩት። እነሱ ቤቱን ሲጠብቁ እኔ እነሱን ስጠብቅ ኖርኩ ማለት ይቻላል። ማጠቡን፣ ቁንጫ ማራገፉን፣ ጆሮ መጥረጉን፣ የትኛው አጥንት እንደሚያንቅና የትኛው እንደማያንቅ፣ ሁሉን እዚያ ተማርኩ። ሰውየው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ እኔ ሥራ ፈታሁ። ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። ክረምት ሲገባ ፈረንጆቹ ለእረፍት ይሄዳሉ፤ ውሻቸውን የሚተዉለት ሰው ግን አያገኙም። የእኔ ግቢ ደግሞ ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ ስለሆነ ሰፊ ነው፣ አጥሩም የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ለምን ውሻ እያቆየሁ አልኖርም አልኩ።

ለባለቤቴ ስነግራት ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያዋን ይዛ ዞረች።

"ሰው የሰው ልጅ ያሳድጋል። አንተ የፈረንጅ ውሻ ልታሳድግ?"

"ማሳደግ አይደለም፣ ማቆየት ነው።"

"የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ልበላቸው? ውሻ ያለበት ቤት ይገባሉ?"

"ቤት አይገባም። ጓሮ ነው የሚሆነው" አልኳት። በዚህ ሥራ የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነው።

ቀበሌ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግሃል አሉኝ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠና ልብስ ሰፊ፣ ጠላ ሻጭ፣ እንጨት ነጋዴ እያለ በጣቱ ወረደ። ውሻ የሚባል የለም።

"ጓድ፣ የውሻ ሆቴል ልትከፍት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ "የእንስሳት እርባታ" ብሎ ጻፈ።

"እርባታ አይደለም እኮ፣ እኔ የማደርገው..."

"ዝም በል፣ ማህተሙን ልምታበት።"

መታበትና ወረቀቱን ሰጠኝ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ የምትኖር አስተማሪ ነበረች። ሁሉም ማዳም ይሏታል፣ እኔም ማዳም እላታለሁ። ለብቻዋ ነው የምትኖረው፤ ያላት ያ ውሻ ብቻ ነው። አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑ ደብዝዟል፣ ጠጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ ነው። ለሁለት ወር ወደ አገሯ ልትሄድ ነበር። ግቢዬን ዞራ አየች፣ አጥሩን በእጇ ገፋች፣ ወደደችው። ከዚያ ቆም አለችና "ኢንሹራንስ አለህ?" አለችኝ።

"የምን ኢንሹራንስ ማዳም?"

ተቀምጣ ነገረችኝ። ከዚህኛው በፊት ሌላ ውሻ ነበራት። ለአንድ ሰው ትታው ሄደች። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ የሚጣልበት ቀን ነበርና፣ ውሻው ወጥቶ በልቶ ሞተ። ስትመለስ ሰውየው በሩንም አልከፈተላትም። "ገንዘብ አልፈለግሁም" አለችኝ። "አንድ ሰው መልስ እንዲሰጠኝ ነበር የፈለግሁት። አሁን ወረቀት ካላየሁ አልተውልህም። መንገዱም ይቅርብኝ።" እናቷ ታመው ልታያቸው ነበር የምትሄደው።

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ጨዋ ነች፣ "ጋሼ ይቀመጡ" አለችኝ፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ለከብት የተዘጋጀ ቅጽ አወጣች። ዕድሜ፣ ቀለም፣ ክትባት እያለች ሞላች። ከዚያ "ሥራው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የማን?"

"የውሻው። በሬ ያርሳል፣ በቅሎ ይጫናል። እሱ ምን ይሠራል?"

ምን ልበላት? አልጋ ላይ ይተኛል ልበላት? "ሥራ ከሌለው ልንቀበለው አንችልም" ስትል አፌ ቀደመኝና "ጥበቃ ነው" አልኳት። ጻፈችው። ሐሙስ ሰው መጥቶ አይቶ ይፈርማል አለችኝ። ማዳም የምትበረው እሑድ ነው።

ከቢሮው ወጥቼ አዲሱ ገበያ እስክደርስ ለራሴ እያወራሁ ሄድኩ። ይሄን ውሻ ማን አይቶት ዘበኛ ይለዋል? ማዳም እንዲለምደን ብላ አስቀድማ አምጥታዋለች፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ እግር ሥር ሄዶ ተኝቷል። እሷም "ይሄ በግ" እያለች ታማርራለች፣ ግን እግሯን አታነሳም።

ሦስት ቀን እንዲጮህ ላስተምረው ስል ከረምኩ። ቆርቆሮ ደበደብኩለት፤ ጆሮውን ዘቅዝቆ አየኝ። ከውጭ ሆኜ አጥሩን ነቀነቅሁ፤ ጅራቱን ቆላ። መጨረሻ ራሴ ጮህኩለት። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "እግዚኦ፣ ሰውየው ለየለት" አለች። እኔማ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር። ሳልቆርስ ምሳ ያልፋል።

ሐሙስ መጣ። ድሮ ለእነዚያ ትልልቅ ውሾች የነበረውን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አድርጌ በሩ ጋ አሰርኩት። ሰንሰለቱ ከብዶት ጋደም አለ። መርማሪው ክራባት ያሰረ ወጣት ነው። በሩን ሲያንኳኳ ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሲገባ ተነሳ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሄዶ የልጁ እግር ሥር በጀርባው ተንጋለለና ሆዱን ሰጠው።

ልጁ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደ ውሻው አየ። "ጋሼ፣ ይሄ ነው ጥበቃው?"

"እርስዎ ሌባ አይመስሉማ" አልኩት።

ልጁ ሳቀ። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀና ጎንበስ ብሎ የውሻውን ሆድ አከከለት። ከዚያ ፋይሉን ዘጋ። "በሐሰት ላይ የተጻፈ ኢንሹራንስ እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው። ነገ አንድ ነገር ቢሆን እርስዎም ይከሰሳሉ፣ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ። ያስቡት እንጂ" አለኝ። እውነቱን ነው። ሲወጣ ተከትዬው እስከ አስፋልቱ ሄድኩ።

ስመለስ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ሐጂ ጎረቤቴ ነው፤ ሱቁ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። እኔና እሱ እኩያሞች ነን፣ ስንቀላለድ ዓመታት አልፈዋል። ውሻው ከመጣ ጀምሮ ግን ወደ ግቢዬ አይገባም፤ በእምነቱ የውሻ ለሃጭ ከነካው ያ ቦታ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱን በአፈር።

"በግህ እንዴት ነው?" አለኝ።

ሁሉን ነገርኩት። ስኳር እየመዘነ ሰማኝና "ቆይ፣ ይሄ ኢንሹራንስ የምትለው፣ ውሻው ቢሞት ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ገንዘብ ይከፍላል።"

"ሳይሞት መጥቶ ይጠይቀዋል?"

"አይጠይቅም።"

"ታዲያ ሴትየዋ ገንዘብ አልፈልግም ብላሃለች። አንተ ፈረንጅ ቤት ስትቀጠር ምን ነበር የጠየቁህ?"

"ዋስ።"

"በቃ! ለውሻውም ዋስ ጥራለታ።"

"ለውሻ ማን ዋስ ይሆናል?"

ሐጂ ሚዛኑን አስቀመጠ። "እኔ እሆናለሁ" አለ።

ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ወደ ሱቁ ተሻገረች። "ሐጂ፣ እርስዎ የማይነኩትን ውሻ?"

"መንካት የእሱ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ መጠየቅ ነው" አላት።

ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋ ሄድን። እሱ የሚያውቀው የሠራተኛ ዋስትና ነው፤ እንደለመደው ጻፈው። "ዋስ የሆንኩለት ሠራተኛ ከቤት ቢጠፋ ፈልጌ አቀርባለሁ፣ ሰርቆ ቢሰወር ኃላፊ ነኝ" ይላል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሬ ስለነበር ፊደል በፊደል አነበብኩት። "ውሻ እኮ ነው" ስለው ጸሐፊው "ውሻ አይሰርቅም?" አለኝ። ሐጂ ፈረመ።

እሑድ ጠዋት ማዳም ሻንጣዋን ታክሲ ላይ ጭና መጣች። ኢንሹራንሱ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረም ነገርኳት፤ አልዋሸሁም። ፊቷ ጠቆረ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሐጂ መንገዱን ተሻግሮ በሩ ውጭ ቆመ። አማርኛ ትናገራለች እንጂ ስለማታነብ ቃል በቃል አነበብኩላት። የስርቆቱ ላይ ስደርስ ልትስቅ ነበር፣ ግን አልሳቀችም።

"እዚህ ነው የምትኖረው?" አለችው።

ሐጂ ሱቁን በጣቱ አሳያት። "ሃያ ዓመት እዚህ ነኝ። የት እሄዳለሁ?"

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ውሻውን ሳመችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል አላየሁም። ሐጂም እንደኔው ሆነ። በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ከበሩ ውጭ ቆሞ "ሰውዬው እንዴት አደረ?" ይላል። ውሻውን አንስቼ በአጥሩ ላይ ካላሳየሁት አይሄድም። አንድ ቀን ውሻው አልበላ ሲል ለሐጂ አልነገርኩትም፤ ከፊቴ ላይ አውቆ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ።

በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ "ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ ነገ ሥጋ ይጣላል" እያለ ዞረ። በነጋታው ከጠዋት ጀምሮ በሩን በአጣና አስደገፍኩት። ውሻውን እቤት አስገባሁ፤ ባለቤቴም የነፍስ አባታችንን ነገር አላነሳችም። ስድስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ መጣ። ያን ቀን በዚያ ዝናብ ከጓሮ በኩል ጎርፉ የአጥሩን ሥር ሸረሸረው። ባለቤቴ ውኃውን ለማገድ በጓሮ በር ስትወጣ ውሻው በእግሯ መሐል ሾለከ። ስንዞር የለም።

መንገዱ ላይ እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ሁለት የሰፈር ውሾች ቦዩ ዳር ወድቀው አየሁ፤ አንዱ ነጭ ነበር፣ ቀርቤ ገልብጬ አየሁት። እሱ አይደለም። እስከ ላይኛው ወፍጮ ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ሐጂ ሱቅ ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ሐጂ በቀን ሱቅ ዘግቶ አያውቅም።

አንኳኳሁ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ። ሐጂ፣ ጠፋብኝ። ምን ብዬ ልንገርህ..."

"ዝም ብለህ ግባ፣ በሩን ቶሎ ዝጋ።"

ገባሁ። ሐጂ በስኳሩ ማዳበሪያ መሐል መሬት ላይ ተቀምጧል። ውሻው ጭቃ እንደሆነ ሙሉ በሙሉ በሐጂ ጋቢ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነው፤ አገጩን ይልሰዋል። ሐጂ ፊቱን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞታል።

"ቦዩ ጋ ሥጋውን እያሸተተ ነበር" አለኝ። "ብጠራው አልሰማ አለኝ። ምን ላድርግ?"

"በልቷል?"

"አፉን ከፍቼ አይቼዋለሁ። በጣቴ።" ጣቱን አሳየኝ። "አልበላም።"

ውሻውን ወደ ቤት ወስጄ አሰርኩትና በባልዲ ውኃ ይዤ ተመለስኩ። ሐጂ ከሱቁ ጀርባ እጁን ዘረጋ። አፈር አመጣሁለት። ያንን እሱ ራሱ አሸው፤ ስድስቱን እኔ አፈሰስኩለት፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። አገጩንም እንዲሁ። ጋቢውን ባለቤቴ ወስዳ እሱ እንዳላት አድርጋ ስታጥብ ዋለች።

ማዳም መስከረም ላይ መጣች። ውሻው ድምፅዋን ሲሰማ ጮኸ፤ እኛ ቤት ሲጮህ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ይዛው ልትወጣ ስትል ሐጂ በሩ ላይ መንገድ ዘጋ።

"ማዳም፣ ቅድሚያ ዋስነቴን አውርጂልኝ።"

አልገባትም ነበር፤ ነገርኳት። ቦርሳዋን ፈትሻ ወረቀቱን አወጣችና ሰጠችው። ሐጂ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይቀደዋል ብዬ ስጠብቅ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"የሚቀጥለው ውሻ መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ሰኞ" አልኩት።

"ትልቅ ነው?"

"ትልቅ ነው።"

ሐጂ አፈሩ ወደ ነበረበት ወደ ሱቁ ጀርባ አየና ተነፈሰ። ሰኞ ጠዋት ግን እኔ ሳልነሳ በሩ ውጭ ቆሞ ነበር።