የጋሽ መኩሪያ ሣርና የእት ዘሀራ በሬ

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን እት ዘሀራ ሴቶች አስከትላ የአከራዬን የጋሽ መኩሪያን በር አንኳኳች። ለዝናብ ዱዓ ሊወጡ ነው፤ በእጃቸው የሚይዙት እርጥብ ሣር አጥተው ነው የመጡት። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ መቀሳቸውን ከኋላቸው ደበቁ...

ጊዜው የስልሳ ስድስቱ ድርቅ ነው፤ ቦታው ቆቦ። እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነኝ። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ከመንገድ ሥራ በጡረታ የተገለሉ ፎርማን ናቸው። ሜዳው ሁሉ አመድ መስሎ በሰፈራችን የቀረ አረንጓዴ ነገር ቢኖር የሳቸው ሣር ብቻ ነበር። እሱም ለጌጥ የተተከለ! ድሮ ከአንድ ካምፕ ጓሮ ነቅለው ያመጡት፣ ግቢውን ዙሪያውን የከበበ፣ ደረት የሚደርስ፣ ሲያብብ አናቱ እንደ ፈረስ ጭራ የሚወዛወዝ ሣር ነው። እኛ የታጠብንበትን ውሃ እየጠጣ ነው የከረመው።

ውሃውን ማጠጣትና ጫፉ ሲደርቅ በመቀስ መከርከም የኔ ሥራ ሆነ። አስተማሪ ብለው ላኩኝ፣ የሣር ፀጉር አስተካካይ ሆኜ አረፍኩት። እሱም ቢሆን ከጫፉ ከጣት በላይ አያስቆርጡኝም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንዴ ከሥሩ ቢታጨድ አዲስ ያወጣል» ስላቸው «ካጨድኩት አይመለስም» ይሉኛል። እንደ ልጅ ነው የሚሳሱለት።

እንግዲህ ቆላው ላይ ለዱዓ ሲወጣ እርጥብ ሣር ይያዛል። ሣር ይዞ የለመነን ሰውም እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው። ለዱዓ ሣር የከለከለማ... ዝናቡ ቢቀር ያስቀረው እሱ ነው ተብሎ ስሙ በገበያው ይዞራል። ጋሽ መኩሪያ የራያ ልጅ ናቸው፤ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። መቀሱን ሰጡኝና ለእያንዳንዷ አንዳንድ ዘለላ እንድቆርጥላት አዘዙኝ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እት ዘሀራ የደረሳትን ዘለላ አገላብጣ አየችው።

«አያ መኩሪያ፣ አሏህ ፊት ክር ይዤ ልቁም?»

ጭብጥ ጭብጥ ተጨመረላቸው።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ሰኞም ሐሙስም ሆነ። ሴቶቹ እየቀነሱ ሄዱ፤ ገሚሶቹ እህል ይታደልበታል ወደተባለው ቦታ ተሰደዱ፣ ገሚሶቹን እኛው ቀበርናቸው። የእት ዘሀራ ሣር ግን እየጨመረ መጣ። «የቀሩትንም ድርሻ እኔ ነኝ የምይዝላቸው» እያለች እቅፍ ሙሉ ይዛ ትወጣለች። ግራ ገባኝና አንድ ቀን ከዱዓ መልስ ተከተልኳት።

ከቤቷ ጀርባ ቦራ ቆሟል... ግንባረ ነጩ በሬዋ። ከነበሯት ከብቶች የተረፈው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም ጎድኑ ይቆጠራል። ዱዓ ያደረገችበትን ሣር ፊቱ አስቀመጠችለት። ጎብዬ የሚኖረው ወንድሟም አንድ በሬ ነው የቀረው፤ ዝናብ ከጣለ አቀናጅተው ሊያርሱ ነው ያሰቡት። ቦራ ከሞተ የሁለት ቤት እርሻ አበቃ ማለት ነው።

«ዝናቡን ቢሰጠኝስ በምን አርሰዋለሁ? በክንዴ?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔ መቀስ ጠለቅ ማለት ጀመረች። ጋሽ መኩሪያ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ከጓሮ በኩል፣ ከማይታየው ረድፍ እቆርጥና በአጥሩ ላይ አሻግራለሁ። ሣሩ ከፊት ለሚያየው ሙሉ ነው፣ ከኋላው ተላጭቷል። ጋሽ መኩሪያ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው «ዘንድሮስ ያዘልኝ» እያሉ ያደንቁታል። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከገበያ ቀድመው ከች አሉ። እኔ እቅፍ ሣር ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ፤ ከወዲያ እት ዘሀራ እጇን ዘርግታለች፤ ከኋላዋ ቦራ ያኝካል። በቃ፣ ዛሬ ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ነው ብዬ ደረቅሁ።

«ይሄ ነው ዱዓው?» አሉ።

እት ዘሀራ ምንም አልመሰላት። ከእቅፌ ጭብጥ ሣር መዘዘችና በሁለት እጇ ይዛ ወደሳቸው ዘረጋችው። ጋሽ መኩሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ለዱዓ ስጠኝ ብዬህ ሰጥተኸኛል። አሁን ደሞ ለቦራ ስጠኝ። አሏህማ ያውቃል፣ የደበቅሁት ካንተ ብቻ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ በሬውን አዩት፣ የተላጨውን የሣራቸውን ጀርባ አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ... ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ማጭድ እንዳመጣ አዘዙኝ።

«በመቀስ አበለሻሽተህብኛል። መታጨዱ ካልቀረ በወጉ ይታጨድ» አሉ።

ራሳቸው ነዶ ነዶውን በገመድ እያሰሩ ከሥሩ አጨዱት። የመጀመሪያውን ነዶ በአጥሩ አሻግረው ቦራ አፍ ላይ ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ለእት ዘሀራም ሣሩን እየቆጠበች ቦራን እስከ ክረምቱ እንድታቆየው ነገሯት።

ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡም ጣለ። ቦራ ከሲታ እንደሆነ ከወንድሟ በሬ ጋር ተጠመደ። ሁለት ትልም ይሄድና ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል... ግን አረሰ። የሁለቱም ቤት ማሽላ በቀለ። እኔ ማሳው ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሣሩም ታጭዶ አልቀረም፤ ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ተንዠርጎ መጣ። ጋሽ መኩሪያ ከዋጃ ድረስ የሚመጣ እንግዳ ግቢ እያስገቡ፣ የጌጥ ሣር እንዲያምር በየዓመቱ ከሥሩ መታጨድ እንዳለበት ያስረዳሉ። ማን እንዳስተማራቸው ሲጠየቁ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አንድ መሐንዲስ ነው» ይላሉ።

መሐንዲሱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያመሰኳል።